ድምፅ አልባው መዝሙር

ሙሉነሽ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ ከወጣች ወዲህ ሳምንቷ የሚያልፈው የቅዳሜን የመዝሙር ልምምድ በመጠበቅ ነበር። በልጅነቷ ከሆሳዕና መጥታ ባሕር ዳር ስትቀጠር ነው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኗን መዘምራን የተቀላቀለችው። ከዚያ ዘመን ሰዎች የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

በዚያ ዓመት የመዘምራኑ መሪ ኪሩቤል አዲስ ድርሰት ይዞ መጣ። ኮሌጅ ውስጥ ሙዚቃ የሚያስተምር ወጣት ነው። "ዴ ፕሮፉንዲስ" የሚባለውን የላቲን መዝሙረ ዳዊት፣ ያንን "ከጥልቅ ወደ አንተ ጮኽሁ" የሚለውን፣ በራሱ ዜማ ለአራት ድምፅ አዘጋጅቶታል። ከበሮ የለው፣ ኦርጋን የለው፤ የተቀራረቡ ድምፆች ቀስ እያሉ ይደራረባሉ። አንዱ ከተንቀጠቀጠ ሁሉም ይበላሻል። የሙሉነሽ ድምፅ ደግሞ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰንብቷል።

ከመጨረሻው ልምምድ በኋላ ኪሩቤል ለብቻዋ ጠራት።

"እትዬ ሙሉነሽ፣ እንዳይቀየሙኝ" አለ መሬት መሬቱን እያየ። "ነገ ከእኛ ጋር ይቆማሉ። ግን አፍዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ። ድምፅ አያውጡ።"

"እሺ ልጄ" አለችው።

እሑድ ነጭ ለብሳ መሀል ቆመች፤ ቃሉን በከንፈሯ ብቻ ተከተለች። የሰው ዕቃ ይዛ የተገኘች ያህል ተሰማት። ባሏ አዘዘ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ራሱን ዘንበል አድርጎ በጆሮው ነው የሚከታተለው።

ከቅዳሴ በኋላ ደጅ ላይ እጇን ያዛት። "ከሁሉም መሀል ድምፅሽን ለየሁት" አላት። "መጨረሻ ላይ ከፍ ያለችው አንቺ ነሽ።"

ፊቷ ጋለ። ኪሩቤል አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል። እሷ ግን የባሏን ክንድ ይዛ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

አዘዘ ወሬውን ለሰፈራቸው ለግሽ አባይ ጎረቤት ሁሉ አዳረሰው። ባለሱቁ ሳዲቅ እንኳ "እትዬ፣ ጋሼ ነገሩኝ፣ እንኳን ደስ አለዎት" ሲላት ልትገዛ የመጣችውን ረስታ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ጉልበቴን አሞኛል እያለች ከልምምድ ቀረች።

አንድ ቀን ከሰዓት ኪሩቤል ሊጠይቃት መጣ። እንግዳው ገና ከመቀመጡ አዘዘ ያንኑ ጀመረለት። "መቼም ያን ቀን የእሷ ድምፅ…"

"ጋሽ አዘዘ" አለ ኪሩቤል፣ "እትዬ ያን ቀን አልዘመሩም። አይዘምሩ ያልኋቸው እኔ ነኝ።"

አዘዘ ወደ ሚስቱ ዞረ። "ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

"አፍሬ ነው። ሰማሁሽ ስትለኝ ደግሞ ባሰብኝ።"

"እኔስ፣ ያልሰማሁትን ሰማሁ እያልሁ አገሩን አዳርሼ" አለና በእጁ ፊቱን ሸፈነ።

ኪሩቤል ተነሥቶ ቆመ። "ለእርስዎ የሚመች ዝቅ ያለ ድምፅ እጽፍልዎታለሁ። ይመለሱልኝ።"

"ዜማህን ለእኔ ብለህ አታበላሽ" አለችው። "መጀመሪያውኑ በቃሽ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።"

በሕማማት መዘምራኑ ያንኑ መዝሙር ደገሙት። ሙሉነሽ አዘዘ አጠገብ ተቀምጣ አዳመጠች። አብራቸው ቆማ እያለ ያልሰማችውን ሁሉ ሰማች፤ አንድም የጎደለ ነገር አልነበረውም። እንዲጎድል ተመኝታ እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው። አዘዘ እንዳያያት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ እሱ ግን ድሮም አያያትም።