ባዝራዋን ከአማቴ የገዛሁ ጊዜ

አማቴ ማንፍሪ፣ ሐኪሙ «ከዚህ ሳምንት የሚያልፉ አይመስለኝም» ባለ ጊዜ የተጨነቁት ለነፍሳቸው አልነበረም። የተጨነቁት ለባዝራቸው ነው።

«ሊያንደርን ጥሪልኝ» አሉኝ። ሊያንደር ባሌ ነው፤ የእሳቸው ብቸኛ ልጅ። ወሩ መስከረም ነበር፤ የምንኖርባቸው ሁለቱ ጋሪዎች፣ የእሳቸውና የእኛ፣ በእንግሊዝ አገር ከአፕልቢ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጠባብ መንገድ ዳር ቆመዋል። ሊያንደር እጁን በሱሪው እየጠረገ ገባ።

«ባዝራዬን፣ ፓንሲን፣ ከእኔ ግዛት» አሉት።

«አባባ፣ እኔ እኮ የጭነት መኪና ልገዛ ነው። ፈረስ ምን ያደርግልኛል?»

ማንፍሪ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን አላናገሩትም። አንድ ሳምንት ለተቆረጠለት ሰው ይህ ረጅም ኩርፊያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ በጋሪ እየተዘዋወርን በምንኖር ሮማኒዎች ዘንድ ሰው ሲሞት ንብረቱ አብሮት ይሄዳል። ጋሪው ይቃጠላል፣ ሳህኑ ይሰባበራል፣ ፈረሱም የእኛ ወገን ላልሆነ ለሩቅ ሰው ተሰጥቶ ዳግመኛ ዓይናችን አያርፍበትም። ይህን የጣሰ ሰው ሟቹ ተመልሶ ይመጣበታል ይባላል። ሌሎች ሙታን መምጣት አለመምጣታቸውን አላውቅም፤ ማንፍሪ ግን እንደሚመጡ ቅንጣት አልጠራጠርም።

ስለዚህ ፓንሲ ከቤተሰቡ እንዳትወጣ ከተፈለገ፣ ማንፍሪ ትንፋሽ እያላቸው የሌላ ሰው መሆን ነበረባት። እኔም ገባሁና ከአልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ እኔ እወስዳታለሁ።»

«በስጦታ አይሆንም። በሰጠሁት ነገር ላይ እጄ እንዳለ ይቀራል» አሉ።

«እሺ፣ በትንሽ ነገር ልግዛትና ይለቅ።»

«የማስመሰል ግዢ ልትገዢኝ ነው? ሙታን ጅል መሰሉሽ? በእውነተኛ ዋጋ፣ ተከራክረሽ፣ መዳፍ ተመትቶ። አለዚያ ትሂድ።»

እኔ ደግሞ ፓንሲ ከምትሄድ ሊያንደር ቢሄድ ይሻለኛል። አጋነንኩ፤ ግን ብዙም አላጋነንኩም። ጥቁርና ነጭ ቡሬ ናት፤ አጠር ያለች፣ ደልዳላ፣ ደረተ ሰፊ። ጋማዋ ከትከሻዋ አልፎ ይወርዳል። ከጉልበቷ በታች ያለው ጠጉር ኮቴዋን ሸፍኖ መሬት ስለሚጠርግ ስትሮጥ የምትንሳፈፍ ትመስላለች። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ሆዷ ሥር እየዳኹ ነው ያደጉት፤ ትንሿ መቆም የተማረችው የፓንሲን የእግር ጠጉር ጨብጣ ነው። አንዴም እግሯን አላነሣችባቸውም። እወዳታለሁ፣ ሌላ የምለው የለም።

«ምን ይፈልጋሉ?» አልኳቸው።

«ያንን ቡናማ ሰንጋ ፈረስሽን፣ ግራጫዋን አዳኝ ውሻ፣ ከነዚያ ወርቅ ቅብ ሳህኖችሽም ዐሥራ ሁለቱንም።» መዳፋቸውን ዘረጉ። በእኛ ገበያ ዋጋ የተጠራ ቁጥር መዳፍ ለመዳፍ ይመታል፤ ሁለቱም ሲስማሙ የመጨረሻዋ ምት ጮክ ብላ ትመታና ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

«ውሻ» አልኩና መታሁት። «እሷም ግራጫዋ አይደለችም። አንካሳው።»

ማንፍሪ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገታቸውን ከትራስ አነሡ።

«የዚችን ዘር ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። «ቅድመ አያቷን አባቴ ያገኛት ከዳቦ ጋጋሪ ነው። ቡሬ ስለሆነች ማንም አልፈለጋትም። የጦር ሠራዊቱ ፈረስ ሲገዛ እሷን ዘለላት፤ ጠላት ከሩቅ ይለያታል ብሎ። ባላባቶቹ ላም ትመስላለች ብለው ሳቁባት። አባቴ ምን አለ መሰለሽ? ይቺን የሰረቀ የት ይደብቃታል አለ።»

«ስለ ሌብነት እናንተ ነበራችሁ የምታውቁት» አልኳቸው።

«ዝም በይ። አባቴ እንግዲህ ትንሽ ከፍ ያለች፣ ኃይለኛ ዘር ፈለገ። እዚያው አጠገብ አንድ ባላባት ነበር፤ የእርሻ ድንጉላ ያለው። ቤት የሚያክል ድንጉላ፣ ዋንጫ በዋንጫ ላይ የበላ። ባላባቱ ባዝራዬን ላስጠቃ የሚል ሰው ሲመጣ ክፍያውን ጠርቶ ሰውየውን ያስለቅሰው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የግጦሹ በር ክፍት ሆኖ ተገኘ።»

«ማን ከፈተው?»

«ነፋስ።»

«ባዝራዋንስ ማን አስገባት?»

«ኃይለኛ ነፋስ ነበር» አሉ ማንፍሪ፣ ፊታቸው ላይ አንዳች ሳይታይ። «ከዚያ ልጇን ከተራራው ፈረሶች ጋር፣ የዚያችን ልጅ ደግሞ መልሶ ከትልቅ ጋር። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው ይቺን ያወጣናት። ጉልበት ከባላባቱ፣ ሩጫ ከተራራው፣ ትዕግሥት ከዳቦ ጋጋሪው። ጋሪ ስትጎትት አፍ ድረስ የሞላ ሻይ ደረጃው ላይ ብታስቀምጪ ጠብ አይልም።»

«ስንፍና ነዋ። የሚሮጥ ፈረስ ሻይ ያፈስሳል።»

ማንፍሪ ሳል ጀመራቸው። ከሳሉ በኋላ ግን ተነሥተው ተቀምጠዋል። ሾርባ ጠየቁ።

በሁለተኛው ቀን ሳህኖቹን ወደ ዐሥር አወረዱ፤ እኔም አንካሳው ውሻ ላይ አንድ የቆየ ምጣድ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን «አልታየሽም እንጂ ባዝራዋ አገር ታንቀጠቅጣለች» ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። የጋሪው ደረጃ ላይ ተቀምጠው «አሩጪያት! አሩጪያት እንጂ፣ ጸበል ልትጠመቂ ነው የምትሄጂው?» እያሉ ሲጮኹብኝ ሐኪሙ ደረሰ። ቦርሳውን እንደያዘ ቆሞ አያቸው።

«ምንድን ነው እየሰጣችኋቸው ያላችሁት?» አለኝ።

«ዝቅተኛ ዋጋ» አልኩት።

ሐኪሙ ሄደ፤ እኔ ግን በዚያች ቃል ራሴን ያዝኩ። እውነቴን ነበር። ሰውየውን በሕይወት ያቆማቸው ክርክሩ ነው። መዳፉን ብመታ ሥራቸውን ጨርሰው ይተኛሉ። ሳልመታ በመሀል ቢሞቱ ደግሞ ፓንሲ በማላውቀው ሰው ገመድ ትሄዳለች። እንቅልፍ አጣሁ። ሊያንደር ግን ሲያንኮራፋ ያድራል፤ መኪና እያለመ መሆኑ በድምፁም ያስታውቃል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ድምፃቸው አይሰማም። ስለ ዳቦ ጋጋሪው ሊነግሩኝ ጀመሩና አቋረጡት። ያኔ ፈራሁ።

«ሰንጋውን፣ ግራጫዋን ውሻና ስድስት ሳህን» አልኩ።

«ስድስት?»

«ስድስት።»

መዳፋችን ጮኸ። ሊያንደር ከደጅ ሆኖ ሰማው። ፓንሲ የእኔ ሆነች።

ማንፍሪ ተመልሰው ጋደም አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አራት ብትዪኝም እሸጥልሽ ነበር» አሉ፣ በደስታ። ከዚያ ትንፋሻቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። የሰባ ዓመት ነጋዴ፣ የመጨረሻ ገበያውን አትርፎ፣ ሰላም ብሎት ሊሄድ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰላም ባልነካ ነበር። እኔ ግን አልቻልኩም፤ አባት የሆኑኝ እሳቸው ናቸው።

«አባባ» አልኩ በጆሯቸው። «ፓንሲ እርጉዝ ናት።»

አንድ ዓይናቸው ተገለጠ።

«ሦስት ወሯ ነው። ሆዷ ሁልጊዜም እንዲያው ስለሆነ አላወቁም።»

«ከማን?» አሉ።

«ከቶርንበር ድንጉላ።» ቶርንበር የዚያን አገር ሀብታም ገበሬ ነው፤ ፈረሱን እንኳን ሊያውሰን ሊያሳየንም አይወድም። «በሰኔ፣ ለፈረስ ገበያው ስንመጣ፣ በሩ ክፍት ነበር።»

ሁለተኛው ዓይናቸውም ተገለጠ። ማን እንደ ከፈተው አልጠየቁኝም።

«አንቺ ሌባ» አሉ ቀስ ብለው። እንዲህ በፍቅር የተሰደብኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። «ሁለት ፈረስ በስድስት ሳህን ወሰድሽ። ውርንጭላውን መልሰሽ ትሸጪልኛለሽ።»

«አልሸጥም።»

«ሾርባ አምጪ» አሉ።

አልሞቱም። ግንቦት ላይ ፓንሲ ሴት ወለደች፤ እንደ እናቷ ቡሬ፣ እንደ አባቷ እግረ ረጅም። ማንፍሪ ከወለደች ቀን ጀምሮ በየማለዳው እየመጡ ውርንጭላዋን ልግዛ ብለው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። አንድ ቀን ልጓም፣ አንድ ቀን ዶሮ ከነጫጩቶቿ፣ አንድ ቀን የሊያንደርን መኪና፤ ያውም ገና ያልተገዛውን። እኔ ሁሌም ከጠሩት በላይ እጠራለሁ፤ ተማትተን ሳንስማማ እንለያያለን። ጎረቤቶች ያበድን መሰላቸው። እኔ ግን በራሴ ኮርቻለሁ። ሰውየውን በዋጋ ይዤ አቆምኳቸው፣ እስካልሸጥኩላቸው ድረስ አይሄዱም እያልኩ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ግን መውጣት ስላቃታቸው እኔ ወደ ጋሪያቸው ገባሁ። እጃቸው የቅጠል ያህል ቀሏል። አሳዘኑኝ፤ ልቤ ተሸነፈ። ዛሬ የጠሩትን እቀበላለሁ፣ አንድ ጊዜ ያሸንፉኝ፣ የፓንሲ ልጅም ከእሳቸው ጋር ትሂድ ብዬ ቆረጥኩ። መዳፌን ዘረጋሁ።

«እጀታ የሌለው ማንቆርቆሪያ» አሉ።

«አባባ፣ ትናንት እኮ አዲስ ኮርቻ ነበር ያሉኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ዋጋ ሲያወርዱ አይቼዎት አላውቅም።»

«ዛሬ ዓይንሽን አየሁት፤ ልትሸጪልኝ ነው የመጣሽው» አሉ። «እኔ ልገዛ መስሎሽ ነበር እንዴ? የእኔ ከሆነች እኮ ከእኔ ጋር ትወጣለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የማትቀበዪውን እያሰብኩ ስጠራ ኖርኩ። ድካሜን ገደል አትክተቺው።»

አልመታሁትም። እጃቸውን በመዳፌ ውስጥ እንዲሁ ይዤው ቆየሁ።

በዚያው ሳምንት አረፉ። ጋሪያቸው ሲቃጠል የፓንሲን ልጅ በልጓሟ ይዤ ዳር ቆምኩ፤ ማንም ሊወስዳት አልመጣም።