ገበሩን ያልነካ ጥይት

ጦርነቱ ካበቃ ከአራት ዓመት በኋላ በከተማዋ የተመዘገቡት አርበኞች ቁጥር፣ ጦርነቱ ሲካሄድ ከነበሩት ስድስት እጥፍ ሆኖ ነበር። ወራሪው ጦር ይህን ሁሉ ጠላት በጉያው ይዞ እንደሚያድር ቢያውቅ ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ጓዙን ጠቅልሎ በሄደ ነበር።

ለእነዚህ ሁሉ ጀግኖች የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የማጣሪያ ኮሚቴ በፖስታ ቤቱ ፎቅ ላይ ይሰበሰባል። አምስት አባላት አሉት፤ ሐሳብ ያለው ግን አንዱ ብቻ ስለሆነ ስብሰባው ረጅም ጊዜ አይፈጅም። ያ አንዱ ሊቀመንበሩ ነው። በጦርነቱ ዘመን የወራሪው እስር ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ የገባውን እስረኛ ፈትሾ ልብሱን የሚረከብ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ በወገቡ የሚያንጠለጥል። እስረኞቹ «ባለ ቁልፉ» ይሉት ነበር። ፓርቲው ሥልጣን ሲይዝ ባሳተመው የትግል ታሪክ መጽሐፍ «ጠላትን ከውስጥ የተዋጋ» ተባለ። በሁለተኛው እትም በድልድዩ ውጊያ ደረቱን ሦስት ጥይት ተመትቶ ተገኘ። በሦስተኛው እትም ሞቶ ሳይነሣ እንደማይቀር የሚሰጉ ነበሩ።

አንድ ማክሰኞ ጧት የሊቀመንበሩ ሾፌር በጋዜጣ የተጠቀለለ ኮት ይዞ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባ። ሱቁ ከአንድ ደረጃ ሥር የተወተፈች ጠባብ ክፍል ናት፤ የስፌት መኪናው፣ የመቁረጫው ጠረጴዛና የከሰል ካውያው ከተቀመጡ በኋላ ለባለቤቱና ለአንድ ደንበኛ ብቻ ቦታ ይተርፋል።

«ሊቀመንበሩ በድልድዩ ውጊያ የለበሱት ነው» አለ ሾፌሩ። «ሙዚየም ሊገባ ነው፣ በመስታወት ሣጥን። የረገፈውን አዝራር ተካና አሳምረህ ተኩሰው። ቀዳዳዎቹን ግን እንዳትነካ ብለዋል።»

«ቀዳዳ መስፋት ሥራዬ ነበር እኮ።»

«እነዚህ የታሪክ ቀዳዳዎች ናቸው ጋሼ።»

ሾፌሩ ሲሄድ ልብስ ሰፊው ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። በደረቱ በኩል ሦስት ክብ ቀዳዳዎች አሉ። በጣቱ ዳሰሳቸው። ጥይት የበጠሰው ክር ይዘነጣጠላል፤ የእነዚህ ጠርዝ ግን አርሮ ደርቋል፣ ሲጋራ እንደተተረኮሰበት ጨርቅ። ገልብጦ አየው። ገበሩ ደህና ነው፤ አንዲት ክር አልተነካችም። ሦስቱ ጥይቶች የላይኛውን ጨርቅ በስተው ገበሩ ዘንድ ሲደርሱ በአክብሮት ተመልሰዋል። ልብስ ሰፊው ብቻውን ሳቀ።

ሳቁ የቆመው ጣቱ የግራውን ትከሻ ሲነካ ነው። በዚያ ትከሻ ውስጥ ከቀኙ ይልቅ አንድ ድርብ ጥጥ ይበልጣል። በዕድሜው እንዲህ አድርጎ የሰፋው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለእህቱ ባል። እህቱን ያገባው ሰው ፖስተኛ ነበር፤ የደብዳቤ ቦርሳው በሃያ ዓመት ውስጥ የግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጎት ስለነበር፣ ኮት ባሰፋ ቁጥር ልብስ ሰፊው ያንን ጉድለት በጥጥ ይሞላለት ነበር። ፖስተኛው የአርበኞቹን መልእክት ሲያመላልስ ተይዞ ታስሯል፤ ተረሽኗልም። አስከሬኑ አልተሰጠም፤ ልብሱም አልተመለሰም።

ልብስ ሰፊው የግራውን እጅጌ አንሥቶ ሁለት ጣቱን ከኋላ በኩል ወደ ብብቱ አስገባ። ኪሷ እዚያው ነች። እንዲህ ያለች የመልእክት መደበቂያ ኪስ የሰፋው ለአርበኞቹ መልእክተኞች በዐሥራ አንድ ኮቶች ላይ ነበር። አፏ እጅጌው ከጎኑ በሚጋጠምበት ስፌት ውስጥ ተደብቃ ወደ ኋላ ስለምትከፈት፣ ከፊት የሚመጣ የፈታሽ እጅ አልፏት ይሄዳል። ክንድ ካልተነሣ አትገኝም። የት እንዳለች ለማንም በቃል ተናግሮ አያውቅም፤ የእያንዳንዱን ባለ ኮት ቀኝ እጅ ይዞ ይመራውና አንድ ጊዜ ያስነካው ነበር። አሁን ባዶ ነች።

እህቱ የምትኖረው ለተሠዉ አርበኞች ቤተሰቦች በተሰጠው ሕንጻ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ኮሚቴው የጻፈላት ደብዳቤ ግን፣ ባለቤቷ «የወንዝ ማዶው ፓርቲ ደጋፊ እንደነበሩ ስለተረጋገጠ» አርበኛነታቸው መሰረዙንና በወሩ መጨረሻ ቤቱን እንድትለቅ ይገልጻል። የወንዝ ማዶው ፓርቲ ከጦርነቱ በኋላ ከገዢው ፓርቲ ተገንጥለው በወጡ ሰዎች የተመሠረተ ነው። ፓርቲው ሲመሠረት ፖስተኛው ከተረሸነ ድፍን ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ተቃውሞዋ የፊታችን ዓርብ እንዲሰማላት አመልክታለች፤ ያላት የመጨረሻ ዕድል እሱ ነው።

ልብስ ሰፊው ኮቱን ጠቅልሎ ሄደና አሳያት። እህቱ ትከሻውን ዳሰሰች፤ ሌላ ነገር አልዳሰሰችም።

«ሰውየውን ከዳተኛ አሉት፣ ኮቱን ጀግና አሉት» አለች በመጨረሻ። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች የሚያጣሩት ሰው ነው ወይስ ጨርቅ?»

ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበሩ ራሱ ወደ ሱቁ መጣ። በሩ ላይ ጎንበስ ማለት ግድ ስለሆነበት ቅር ብሎት ነበር። ኮቱን አየ፤ ከዚያም ከኪሱ አንድ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይህን ኮት በትግሉ ዘመን ለጓድ ሊቀመንበር የሰፋሁላቸው እኔ መሆኔን አረጋግጣለሁ» ይላል።

«ፈርምና ነገ ይዘኸው ና» አለ። «የእህትህም ጉዳይ ነገ ይታያል። አንተ የፓርቲው አባል ነህ፤ ፓርቲው በአባሉ ቤተሰብ አይጨክንም።»

«የባሏ ጥፋትስ?»

«ጥፋት ይጣራል። የተጣራም እንደገና ይጣራል።»

ልብስ ሰፊው ካውያውን አነሣና መልሶ አስቀመጠ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ገበሩ ግን ገርሞኛል።»

«ምን ሆነ ገበሩ?»

«ምንም አልሆነም።»

«በጥንቃቄ ስለያዝኩት ነው» አለ ሊቀመንበሩ፤ ደስ ብሎት ወጣ።

ያን ዕለት ከሥራ በኋላ ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ለእህቱ ሰጣት። በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ እጇ ከውኃ ብዛት ተሸብሽቧል። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ከፈረምኩ ቤቱ ያንቺ ነው» አላት። «ካልፈረምኩ መንገድ ላይ ነሽ። የምትይኝን አደርጋለሁ።»

«ቤቱን እፈልገዋለሁ፤ ምን እዋሽሃለሁ? ጣራው አያፈስም፣ ለሥራም ቅርብ ነው።» ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት። «ግን አንተ ይህን ፈርመህ እኔ እዚህ ብቀመጥ፣ እሱ ለዚያ ሰው ልብሱን ሁለተኛ አስረከበ ማለት ነው። አንዴ ያስረከበው ይበቃዋል ጋሼ።»

ዓርብ በአራት ሰዓት አምስቱ የኮሚቴ አባላት ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ኮቱ በመካከላቸው ተዘርግቷል። በሊቀመንበሩ ቀኝ ጸሐፊው ተቀምጧል፤ መምህር ነው፣ በጦርነቱ ዘመን ከፖስተኛው ጋር በአንድ ሕዋስ የሠራ፣ ከዐሥራ አንዱ ኮቶች አንዱን የለበሰ። ፖስተኛው በተያዘ ጊዜ ስሙን ስላላወጣበት በሕይወት አለ። የስረዛውን ደብዳቤ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ያረቀቀው እሱ ነው። የልብስ ሰፊው እህት በሩ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ወረቀቱን አመጣህ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አምጥቻለሁ» አለ ልብስ ሰፊው። «ኮቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ይህን በደስታ እመሰክራለሁ። ለማን እንደሰፋሁት ከመፈረሜ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህ ኮት የተደበቀች ኪስ አለችው። ባለቤቱ ዐይኑን ጨፍኖም ያገኛታል። ያሳዩንና ልፈርም።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ፤ ግራና ቀኙም አብረውት ሳቁ። «ኪስ ነው ያልከው?» ኮቱን ወደ ራሱ ሳበ። ኮሌታውን ገልብጦ በአውራ ጣቱ ተጫነ። ወደ ደረቱ ወረደ፣ ጎንና ጎኑን በመዳፉ ጠረገ፣ ወገቡን ጨበጠ፣ በመጨረሻም የታችኛውን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ፣ የተሰፋ ወረቀት ይኖር እንደሆነ እያዳመጠ፣ ዳር እስከ ዳር አለፈበት። አላገኘም። እንደገና ከኮሌታው ጀመረ።

ሳቁ ጠፋ። ኮሌታ፣ ደረት፣ ጎን፣ ወገብ፣ ጠርዝ፤ ከአምስቱ ሦስቱ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በእነዚያው እጆች በእስር ቤቱ በር ላይ ተፈትሸው ያውቃሉ።

«ዘመኑ እኮ ረጅም ነው» አለ ከአባላቱ አንዱ፣ ሥጋ ሻጩ። «ሰው ይረሳል።»

«የገዛ ኪሱን የሚረሳ ሰው አለ?» አለ ልብስ ሰፊው፤ ወደ ጸሐፊው ዞረ። «መምህር፣ አንተ አንዱን ለብሰሃል። ኪሷ የት ነች?»

የመምህሩ ቀኝ እጅ ብዕሩን ጣለ። ተነሣና በደረቱ ላይ አልፎ ወደ ግራ ብብቱ ሄደ፤ ለመድረስ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። ከዚያ ክራቫቱን አስተካከለና ተመልሶ ብዕሩን አነሣ።

«አላስታውስም» አለ፤ ያለውንም በቃለ ጉባኤው ላይ በጥንቃቄ ጻፈው።

«ይህ ስብሰባ የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት አይደለም!» አለ ሊቀመንበሩ ኮቱን እየገፋ። «የሟቹ ስረዛ እንዲጸና፣ የኮቱም ታሪክ በኮሚቴው እንዲረጋገጥ የምትደግፉ?»

አምስት እጅ ወጣ። መምህሩ ቀኙ እየጻፈበት ስለነበር ግራ ክንዱን ከፍ አድርጎ አነሣ። ኪሷ የምትከፈተው ልክ እንዲህ ሲነሣ ነበር።

«አንተም የአባልነት ካርድህን አስረክብ» አለ ሊቀመንበሩ።

«የለችኝም ጓድ። ወረቀቷ ጠንካራ ስለሆነች ባለፈው ክረምት ለኮሌታ መወጠሪያ ቆርጫታለሁ። የማን ኮሌታ ውስጥ እንዳለች ግን በእውነት አላስታውስም፤ ይህንንም ይጻፉልኝ።»

የልብስ ሰፊው እህት ተነሣች። በሩን ከመክፈቷ በፊት ሊቀመንበሩን በአራት ዓመት ውስጥ ማንም ፊት ለፊት ባልጠራው ስም ጠራችው።

«ባለ ቁልፉ» አለች፣ «እጅህ ግን ሥራውን አልረሳም።»

በወሩ መጨረሻ ቤቱን ለቃ በወንድሟ ሱቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መኖር ጀመረች። መምህሩ በዚያው ዓመት ምክትል ሊቀመንበር ሆነ። ኮቱ ዛሬም በሙዚየሙ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አለ፤ የግራ እጅጌው ማንም እንዳያነሣው ከጎኑ ጋር በመኪና ተሰፍቷል።