ሌፓዮ የጠየቀኝ ድምፅ

እዚህ የማያድር ሰው በዚህች ደሴት ጉዳይ የመወሰን መብት አለው? ዌሊንግተን አራት ዓመት ሕግ ተምሬ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳልይዝ ነው የተመለስኩት።

ደሴታችን ፋካኦፎ ከገባሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሟች ወላጆቼ በተዉልን ቤት ብቻዬን እኖራለሁ፣ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል፤ አረፍ ብሎ የሚያወራኝ ግን የለም። ሁሉም "መምህርት" ነው የሚለኝ። በስሜ የሚጠራኝ እሑድ እሑድ ከኒውዚላንድ የሚደውለው ታላቅ ወንድሜ ሌፓዮ ብቻ ነበር።

ሦስቱ ደሴቶቻችን በኒውዚላንድ ሥር መሆናቸው ቀርቶ ራሳቸውን ያስተዳድሩ ወይ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሳምንት ሲቀረው ደወለ።

"ሉሂያና፣ ስሚኝ። 'አልስማማም' በይ።"

"ለምን?"

"ራሳችንን እናስተዳድር ስትሉ የኒውዚላንድ ፓስፖርታችንን ቢነጥቁንስ? ልጆቼን የት ላግባቸው?"

"ፓስፖርቱ አይነካም። የስምምነቱ ረቂቅ ላይ ተጽፏል።"

"አይ አንቺና ወረቀትሽ!" ሳቀ፤ ወዲያው ግን ድምፁ ከበደ። "እኛ እዚህ በሺዎች ነን፣ እናንተ በመቶዎች። መራጮቹ ግን እናንተ! የቤታችን ድምፅ አንቺ እጅ ነው ያለው። የጣሪያውን ቆርቆሮ ማን ላከ?"

እሺም እምቢም አላልኩም። እሱ እሺታ አድርጎ ወሰደው።

በማግስቱ ጀልባዎቹ አሳ ይዘው ገቡ። አጎቴ ፋላኒኮ እንደተለመደው አሳውን ባሕሩ ዳር ዘርግቶ ለየቤቱ በሰው ቁጥር ያከፋፍላል። ለእኔ ቤት አንድ አሳ ደረሰ።

"የሌፓዮስ ድርሻ?" አልኩት።

"መጥቶ ይብላ!" ሴቶቹ ሳቁ። "ይሄ እዚህ ለሚያድር አፍ ነው፣ ልጄ። ለሱ ብልከው መንገድ ላይ ይሸታል።"

"ድምፁስ፣ አጎቴ?"

እጁን አሸዋው ላይ ጠረገ። "እሱን አትጠይቂኝ። የእኔም አራቱ ልጆች እዚያው ናቸው።"

የምርጫው ቀን እርሳሱን ይዤ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። የሌፓዮ ልጆች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። እርግጠኛ አልነበርኩም። ግን ጥርጣሬውም ቢሆን የራሴ ነው ብዬ "እስማማለሁ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

የሦስቱም ደሴቶች ድምፅ ተቆጠረ። አብዛኛው ሰው ተስማምቷል፤ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ግን በጥቂት ድምፅ ጎደለ።

ፋላኒኮ ለቆጠራው የተነጠፉትን ምንጣፎች እየጠቀለለ፣ "'አልስማማም' ያለው ከመካከላችን ነው" አለ። ማንን እንዳሰበ አልተናገረም። ጥቂት ሰዎች ግን ዞር ብለው አዩኝ። እኔ አይደለሁም ልል ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀኝ እንዴት ብዬ?

እሑድ ሌፓዮ ደወለ።

"የእናቴ ልጅ! አላሳፈርሽኝም!" ከኋላው ልጆቹ ሲጮሁ ይሰማል። "ሥጋ እየጠበስን ነው፤ አንቺ ብቻ ነሽ የጎደልሽ።"

ዝም ብል ኖሮ በዚያው ባለፈ ነበር። ግን የሚያመሰግነው እኔን ሳይሆን ሌላ ሰው መሰለኝ። ስልኩ ላይ ወኔ አጣሁ። ሰኞ ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ጻፍኩለት፦

"ሌፓዮ፣ 'እስማማለሁ' ነው ያልኩት። አንተን ጠልቼ አይደለም። የልጆችህ ነገር ያኔም አስፈርቶኛል፣ አሁንም ያስፈራኛል። ግን እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ። ተቆጣኝ ከፈለግህ፤ ብቻ ደውልልኝ።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሮጬ መጥቼ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። አሁን አምስተኛው እሑድ ነው።