ቀዩ ሞላ

ወንድምና እህት ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ቢሆንም ወንድምየው ጠዋት ጠዋት ከእህቱ ግቢ አይቀርም። ትንሿን የእጅ ፓምፕ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሸጉጦ ይመጣና ግድግዳ ተደግፎ የቆመው የእህቱ የኤሌክትሪክ ብስክሌት አጠገብ ቁጢጥ ይላል። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ከያዙት ሁለት ወፋፍራም እግሮች የግራውን ክዳን ይፈታል፤ ፓምፑን ይሰካል፤ ይነፋል። ፉስ፣ ፉስ፣ ፉስ። እህት መስኮቱ ጋ ቆማ ሻይዋን ትጠጣለች። እያየችው አላየችውም።

መሃል ላይ የተሰነቀረችው የእህትየዋ ልጅ ናት። አጎቷ «ብሎን» ይላታል። ትንሽ ሆና ጠንካራ ስለሆነች ነው ይበል እንጂ፣ እሷ ግን አንዴ ከገባች በቀላሉ ስለማትወጣ እንደሆነ ታውቃለች። ትምህርቷን ካቆመች ወዲህ አጎቷ የብስክሌት ጥገና ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራም አላት፤ ቃል ማመላለስ።

«እናትሽን የኋላ ፍሬኗ አልቋል በያት፤» ይላል አጎት፣ እናት እዚያው በሩ ላይ ቆማ።

«አውቄያለሁ በይው፤» ትላለች እናት።

«አውቃለሁ ብላለች ጋሼ።»

«ካወቀች ለምን ሱቅ አላመጣችውም በያት።»

«ኧረ ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ እኮ! እኔ ሬዲዮ ነኝ እንዴ?»

ማንም አይስቅላትም። አጎት ፓምፑን ኪሱ ይከትና ውልቅ ይላል።

ጠቡ እንዲህ ነው የጀመረው። እናት ልታገባ ስትል ወንድሟ «ይሄ ሰውዬ ጥሎሽ ይሄዳል» አላት። አገባችው። ሰውየው ጥሏት ሄደ። ወንድሟ «ብዬሽ ነበር» አላለም፤ ፊቱ ላይ ግን አነበበችው፣ ወይም ያነበበች መሰላት፣ እና «ሁለተኛ እንዳታናግረኝ» አለችው። ብሎን እንደገባት ከሆነ የአጎቷ ጥፋት ትክክል መሆኑ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ጥፋት ደግሞ ይቅርታ ጠይቀውም አይገላገሉት።

እናት ነርስ ናት። ከቤት ቤት እየዞረች ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች፣ አራሶችን ታያለች። መንገዷ ዳገትና ኮረኮንች ስለሆነ ነው ወፍራም ጎማ ያለውን የተራራ ብስክሌት የያዘችው። የብስክሌቱ ፊት የሚነጥረው ግራው እግር ውስጥ በታመቀ አየር ነው። አየሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ያመልጣል፤ ሞተሩና ባትሪውም ከባድ ስለሆኑ ጠዋት ሲያዩት ብስክሌቱ አፍንጫውን ደፍቶ ነው የሚገኘው።

ብሎን ሥራውን ስትለምድ አንድ ነገር ገባት። አየሩ የሚያመልጠው ውስጥ ያለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት ስላለቀች ነው። እንዲህ ዓይነት ቀለበት ሱቁ መሳቢያ ውስጥ ሞልቷል። አጎቷ ደግሞ እንኳን የሰው ብስክሌት የሕፃን ባለሦስት እግር ሳይክል ሳይጠግን አይለቅም። ታዲያ የገዛ እህቱን?

«ጋሼ፣ የእማዬን ቀለበት ለምን አንቀይራትም?» አለችው አንድ ቀን።

«አፍሽን ዝጊና ያንን የብስክሌት ካቴና ጥረጊ።»

ካቴናው ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሎን ስለ ቀለበቷ ትንፍሽ አላለችም።

ታዲያ አንድ ጊዜ አጎት ትኩሳት ጣለውና ቀረ። እናት መስኮቱ ጋ እንደቆመች ሻይዋ ቀዘቀዘ። ሲረፍድባት ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ቁልቁለቱ መሃል ላይ የብስክሌቱ ፊት ጭራሽ ቁጭ አለ፤ ጎማው ጉድጓድ መታ፤ እናትም በመሪው ላይ አልፋ ጠጠሩ ላይ ተዘረረች። ጉልበቷም መዳፏም ተላጠ። ቤት ገብታ መዳፏን በፋሻ እየጠቀለለች እንዲህ አለች፦

«ለአጎትሽ ንገሪው። አየሩን አውጥቶ ሞላ ያስገባበት። ብረት! የማያመልጥ ብረት! በየጠዋቱ ሰው መጠበቅ በቃኝ።»

ብሎን ክው አለች። ሞላ አይነፋም፤ አይተነፍስም። ሞላ ከገባ አጎት የሚመጣበት ምክንያት የለም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ደግሞ ያለ ምክንያት አንድ ግቢ ውስጥ እንደማይቆሙ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

መልእክቱን ስታደርስ አጎት አፍንጫውን በመሐረብ እየጠረገ ነበር።

«ወደቀች?»

«ወደቀች።»

«ተጎዳች?»

«ተላጠች እንጂ ደህና ናት። ምላሷ አልተነካም።»

አልሳቀም። «እሺ» አለ። «ሞላ የሚመረጠው በሰው ክብደት ነው። አረንጓዴው ለቀላል ሰው፣ ሰማያዊው ለመካከለኛ፣ ቀዩ ለከባድ። አየር ቢሆን ጨምረሽም ቀንሰሽም ታስተካክይዋለሽ፤ ሞላ ግን ያው ነው። ክብደቷን ጠይቂልኝ። ከነቦርሳዋ።»

እናት ስትጠየቅ ዓይኗን አፈጠጠች። «በኪሎ ሊሸጠኝ ነው?» አለች። ቆይታ ግን ነገረቻት። ትንሽ ሴት ናት፤ ከነቦርሳዋም አረንጓዴው ይበቃታል።

ከቤት እስከ ሱቅ መንገዱ አጭር ነው፤ ተንኮል ለመጠንሰስ ግን አያንስም። ብሎን ሱቅ ስትደርስ እናቷ ላይ አንድ ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር የሚያህል ኪሎ ጭናባታለች።

«ይህን ያህል?» አለ አጎት ቅንድቡን ሰቅሎ።

«ቦርሳው ከባድ ነው።»

«ምን ይዛበት ነው፣ በሽተኞቹን?»

«ሴት ልጅ ክብደቷን ነግራህ ደግሞ ትከራከራለህ?»

ዓይን ያለው ሰው ውሸቱን ባንዴ ይይዘው ነበር። አጎት ግን እዚያ ግቢ ውስጥ ከፊት ጎማ በላይ ቀና ብሎ አያውቅም። ቀዩ ሱቁ ውስጥ ስላልነበረ አዘዘው። የብሎን ሐሳብ ቀላል ነው፦ ሞላው ይጠነክራል፣ እናት ታማርራለች፣ አጎት ይመጣል፣ ይነካካል፣ እንደገና ይመጣል።

ዕቃው ሲደርስ ብስክሌቱን ሱቅ ውስጥ ሰቀሉት። አጎት የአየሩን መግቢያ በጥፍሩ ተጫነ። ብሽሽሽ... አየሩ አልቆ ድምፁ ከጠፋም በኋላ ጣቱን አላነሳም። ከግራው እግር ታች ያለውን ማሰሪያ ፈትቶ፣ በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርጎ እግሩን አወለቀው፤ ጥቁር ዘይት ተንጠባጠበ። ከአየሩ ዘንግ ጋር ያለቀችው ቀለበት አብራ ወጣች። አጎት አያት፤ ብሎንም አየቻት። ሞላውን ግራሶ የቀባችው ብሎን ናት። እጇ ላይ ያለው ቀይ ብረት ድንጋይ ነው፤ በሁለት እጇ ብትጫነው ንቅንቅ አላለም።

ብስክሌቱ በወጣ በሳምንቱ ግን ብሎን ያላሰበችውን አየች። እናቷ የሸሚዟን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ኮረኮንቹ በዚያ ደረቅ ሞላ አልፎ የእጅ አንጓዋን ሲቀጠቅጠው ነው የሚውለው። ብሎን ቁልፎቹን ቆለፈችላት። ለአጎቷ ዛሬ እነግረዋለሁ ብላ ሄደች፤ ሲመሽ እነግረዋለሁ አለች፤ ሳይመሽ እናቷ ብስክሌቱን እየገፋች ሱቁ በር ላይ ደነቀረችው።

«አንተ ሰውዬ!»

ብሎን የያዘችው መፍቻ ከእጇ ወደቀ።

«አንተን ነው! ይሄ ሞላ ነው ሙቀጫ? ዛሬ አንዲት ምስኪን ሴትዮ ክንድ ላይ ደም ሥር ስስት ዋልኩ! እጄን እየው!»

አጎት ቀና አለ። እጇን አየ፤ ክንዷን አየ፤ ከእግር እስከ ራሷ አየ። ግራ ተጋባ።

«አንቺ... መች እንዲህ ከሳሽ?»

«የምን ክሳት? ድሮም እንዲሁ ነኝ!»

«ታዲያ የላክሽልኝ ኪሎ...» ብሎ ቁጥሩን ነገራት።

«እኔ? ጉማሬ ነኝ እንዴ?»

ሁለቱም ባንዴ ወደ ብሎን ዞሩ። ብሎን በሩን አየች፤ በሩ በብስክሌት ተዘግቷል።

«ቦርሳው...» አለች።

«የምን ቦርሳ!» አሉ ባንድ አፍ።

«ሞላው ልክ ከሆነ ጋሼ መቼ ይመጣል ታዲያ!» እንባዋ ከየት እንደመጣ እንጃ። «እሱ ሁለተኛ አይመጣም! አንቺም መስኮቱ ጋ ተገትረሽ ሻይሽን ታቀዘቅዣለሽ!»

እናት እጇን ገልብጣ አየችው።

«እጄን አስበሻል?» አለች እናት ቀስ ብላ።

«አላሰብኩም። እማዬ ሙች አላሰብኩም።»

አጎት በርጩማውን በእግሩ ሳብ አደረገ። «ተቀመጪ» አለ፤ ለብሎን አይደለም። እናት ተቀመጠች። እሱ አረንጓዴ ሞላ ፈልጎ አወጣ፤ መፍታት ጀመረ። እናት ወለሉን እያየች ጠየቀችው፦

«ያን ጊዜ ምን ሆነህ ነው የቀረኸው?»

«አተኮሰኝ።»

«እኔ ነርስ አይደለሁም?»

«አታናግረኝ አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ። መድኃኒት ወሰድክ?»

«ዝንጅብል ጠጣሁ።»

«ዝንጅብል!» አለች በንቀት። ብሎን ግን እንዲህ ያለ የሚያምር ንቀት ሰምታ አታውቅም።

አረንጓዴው ገባ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ግቢው ማንም አልመጣም፤ ምን ሊሠራ ይመጣል? እናት ሻይዋን ሳትጀምረው አስቀመጠችው። የበሽተኞቿ መንገድ በስተቀኝ ሆኖ ሳለ ብስክሌቱን ወደ ግራ፣ ወደ ሱቁ መራችው። ብሎን ከኋላ ከኋላዋ ሮጠች።

«ድምፅ አለው» አለች እናት።

አጎት መሪውን ይዞ ፊቱን ተጫነው። ወረደ፣ ተነሣ። ደገመው። ብሎንም ጆሮዋን አስጠጋች፤ ምንም የለም፤ ድመት ስትራመድ በለው። አፏን ከፈተች። አጎቷ አየት አደረጋት። ዘጋችው።

«የት ጋ ነው የሚሰማሽ?»

«እኔ እንጃ። ጠዋት ጠዋት ነው። ግቢ ውስጥ።»

አጎት ጎንበስ ብሎ እንደገና አዳመጠ። ልክ የሆነ ነገር እንዳገኘ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«እንዲህ ያለው ሱቅ ውስጥ አይገኝም» አለ። «እዚያው መጥቼ ነው መስማት ያለብኝ።»

«እንግዲያ ና።»

«ነገ?»

«ነገ። ቁርስ በልተህ እንዳትመጣ ደግሞ» አለችና ብስክሌቷ ላይ ወጣች። ብስክሌቱም ኮሽ ሳይል ኮረኮንቹን ይዞ ወረደ።