የደቅሲሳ ውሃ

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመቱ ከተማን ውሃ ያከምኩ ሰው ነኝ። የክሎሪኑን ዱቄት የምመዝነው፣ የምበጠብጠው፣ ታንከሩ ውስጥ የምጨምረው እኔ ነበርኩ። ከ1985 እስከ 2014 ዓ.ም. በዚህ ከተማ ቧንቧ ከፍቶ የጠጣ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ከእጄ ጠጥቷል። ታዲያ ጡረታ ወጥቼ የጭቃ ቤቴን ማሳደስ ስጀምር፣ ባለቤቴ ዲሪቤ ምን ብትጠይቀኝ ጥሩ ነው? ለሙሉ ቤቱ የሚሆን የውሃ ማጣሪያ!

ሴራሚክ አለች፤ እሺ አልኩ። መታጠቢያ ቤቱ ወደ ውስጥ ይግባ አለች፤ ከጣሪያው ሥር ለልብስ ማጠቢያ ዝናብ የምታጠራቅምባቸው ሦስት በርሜሎች ተነስተው ቦታው ተቆፈረ። ማጣሪያ ስትል ግን ደሜ ፈላ። ሌላ ሰው ቤት ቢገባ ግድ የለኝም። «ደቅሲሳ ራሱ ያከመውን ውሃ አጣርቶ ነው አሉ የሚጠጣው» ከተባለ ግን ሃያ ዘጠኙ ዓመት ምን ሊሆን ነው? በቀብሬ ቀን የሚነበብ ሌላ የሕይወት ታሪክ የለኝም እኮ።

«እኔን እይኝ!» እላታለሁ ደረቴን እየመታሁ። «ይህን ሁሉ ዘመን ጠጣሁት። አንድ ቀን ሆዴን ብዬ አውቃለሁ?»

«አታውቅም» ትላለች። ቀጥላም፣ «ማጣሪያው ግን ይግባ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኢርሻድ የሚባል የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ በባጃጅ ሙሉ ዕቃ ይዞ መጣ። ዲሪቤ ናት የጠራችው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ፤ ከዚያ ግን ሦስት ሰማያዊ የማጣሪያ ቀፎ ደረደረና ስብከቱን ጀመረ። የመጀመሪያው ደለል ይይዛል፣ ሁለተኛው ከዚያ የደቀቀውን።

«ሦስተኛው ከሰል ነው፣ ጋሼ። የክሎሪኑን ሽታ ልቅም አድርጎ ያወጣልዎታል።»

ዕድሜዬን የጨመርኩትን በከሰል ሊያወጣልኝ!

ቀጥሎ ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠ። በአንዱ የእኛን የቧንቧ ውሃ ቀዳ፤ በሌላው በላስቲክ ይዞት የመጣውን፣ «የተጣራ» ያለውን። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የብረት ዘንጎች ሁለቱም ውስጥ ነከረና ሶኬቱን ሰካ። ደቂቃ ሳይሞላ የእኔ ውሃ ጉሽ ጠላ መሰለ። የእሱ ኩልል እንዳለ ቀረ። ግንበኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡን። አንዱማ «ይሄን ነው እንዴ ስንጠጣ የኖርነው?» ብሎ በአፋን ኦሮሞ አምላኩን ዋቃን ተጣራ። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

እኔ ግን በልቤ ስቄያለሁ። ይህን ማታለያ ሠልጥኜበታለሁ። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፤ ኤሌክትሪኩ በማዕድኑ ያልፍና ብረቱን ይበላዋል። ቡናማው የብረቱ ዝገት እንጂ የውሃው ቆሻሻ አይደለም። በላስቲክ የመጣው ደግሞ ማዕድኑ የወጣለት ስለሆነ ብረቱን አይነካውም። ይህን በአፌ ብናገር ማን ይሰማኛል? በዓይናቸው ይዩት አልኩ።

«ዲሪቤ፣ የምንጠጣበትን ጆግ አምጪ» አልኳት። ከዚያው ከቧንቧችን የተቀዳው ውሃ ነው፤ ያው ጉሽ ይሆናል፤ ያኔ «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይህን ጠጥቼ ይኸው እንደ ወይፈን ቆሜያለሁ» ልል ነው።

«ላኪ፣ ጆጉን ተወው» አለች፣ አይሆንም ስትል እንደ ልማዷ በአፋን ኦሮሞ።

«አምጪ አልኩሽ!»

አልነቃነቅ ስትል ራሴ ገብቼ አመጣሁት። ራሴ ቀዳሁ። ዘንጎቹን ራሴ ነከርኩ። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባላል፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና። አንድ ደቂቃ ቆየ። ሁለት። አምስት። ውሃው ኩልል እንዳለ ነው።

«እንዴ ጋሼ» አለ ኢርሻድ ግራ ገብቶት፣ «እናንተ ቤት ማጣሪያ ነበረ እንዴ?»

ማዕድን የሌለበት ውሃ በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ ከሰማይ የሚወርደው። ዲሪቤን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። ገና ወዳልተለሰነው ክፍል ይዣት ገባሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተጋባን ጀምሮ።» ሠላሳ አንድ ዓመት ማለት ነው።

«እነዚያ በርሜሎች የልብስ ማጠቢያ አልነበሩም?»

«ልብስም አጥብባቸዋለሁ።»

«በበጋስ?»

«የመቱ በጋ ስንት ቀን ነው? ሦስት በርሜል ያንሳል?»

«እንግዳ ሲመጣስ?»

«ለእንግዳማ የቧንቧውን ነው የምሰጠው። ስምህን ላጠፋልህ ኖሯል?»

የከተማውን ሴቶች «ጆግ ውስጥ ብታሳድሩት ሽታው ይጠፋል» እያልኩ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ቤቴ ውሃው ሽታ ሲያጣ ምክሬ ሠራ እያልኩ እኩራራ ነበር። ሆዴን ያላመመኝም በዝናቧ ነው፤ ሥራ ቦታ ከሻይ በቀር አፌ አልገባም። በጣም አፈርኩ።

«ለምን፣ ዲሪቤ?»

«ያ ደቅሲሳ» አለች በአፋን ኦሮሞ ስሜን ጠርታ፣ ቀስ ብላ። «ሸሚዝህ ክሎሪን፣ ፀጉርህ ክሎሪን፣ ትራስህ ክሎሪን። አንተን ለምጄሃለሁ። በብርጭቆ ሲመጣ ግን ጉሮሮዬ አላወርድ አለኝ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«በተጋባን ሳምንት ብርጭቆ ይዘህ መጥተህ ‹የእኔ ውሃ ነው፣ ቅመሽው› አልከኝ። እንደዚያ ደስ ብሎህ እያየሁህ ምን ልበል? ጨርሼ ጠጣሁና ጓሮ ወጥቼ ተፋሁት።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አሁን በርሜሎቹ ተነሱ፤ ጆጉ ውስጥ ያየኸው ከእነሱ የተረፈው የመጨረሻው ነው። ጉልበቴም ባልዲ አያነሳም። ከሰሉ ሽታውን ካወጣው ያንተን ውሃ ልጠጣ እችላለሁ ብዬ ነው ልጁን የጠራሁት። አንተ ውርደት አደረግከው።»

ወጥቼ ኢርሻድን «ግጠመው» አልኩት። ስለ ብርጭቆዎቹ ሊያስረዳኝ ሲጀምር፣ «የእሱን ነገር ተወው። እነዚያን ብረቶች ግን ሌላ ሰው ቤት እንዳትነክራቸው» አልኩና አሰናበትኩት።

ረቡዕ ሦስቱ ሰማያዊ ቀፎዎች ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት ቦታ ተሰቀሉ። ወሬው እስካሁን ጎረቤት ከተማ ቡሬ ሳይደርስ አይቀርም። ዲሪቤ ከአዲሱ ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ፊቴ ቆማ እስከ ታች ጠጣችው።

«ጥሩ ውሃ ነው» አለች።

አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ለእኔም ቀዳችልኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበትን ውሃ ቤቴ ቁጭ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩት። ከዝናቧ ልለየው አልቻልኩም።