አልኮሉ ብቻውን

ተመራማሪው ኋላ ላይ እንደተናዘዘው፣ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያያትን ጥርት ያለች ክብ የፈውስ ምሥክር አድርጎ ተረድቷት ነበር። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ በአልኮል ዘፈዘፈ፤ በፈሳሹ የራሰች፣ አዝራር የምታህል ወረቀት መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ አሳረፈ። በማግስቱ በወረቀቷ ዙሪያ ነፍስ ያለው ነገር አልተገኘም። ያኔ ትሕትናውን ከነጭ ጋውኑ ጋር መስቀያው ላይ ትቶ ሬዲዮ ጣቢያ ገባና፣ "ፋርማሲው ጓዳችሁ ውስጥ ነው!" ሲል አበሰረ።

ካደመጡት መካከል ያሳደጉት አክስቱ ነበሩ። እግራቸው ላይ አልሽር ያለ ቁስል አለ፤ መግሉ ሲመረመር መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ስለተገኘበት፣ ይሠራል ተብሎ የቀረላቸውን አንድ መርፌ በየቀኑ ይወጉ ነበር።

በሳምንቱ የላቦራቶሪው ዕቃ አጣቢ ሳህኖቹን እየሰበሰበች ጠየቀችው።

"ጋሼ፣ አልኮሉን ብቻውን ሞክረውታል?"

"ለምን ብዬ?"

"እኔ እንጃ። ጠረጴዛዎን በየጠዋቱ የምወለውለው በሱ ነው፤ እዚያም ላይ ምንም በቅሎ አያውቅም።"

ሳቀባት፤ እሷ ስትወጣ ግን አልኮል ብቻ የነካት ወረቀት በሌላ ሳህን ላይ አኖረ። በነጋታው ያችው ክብ፣ በማስመሪያ ሲለካት ስፋቷ እንኳ ሳይዛነፍ፣ ተደቅና ጠበቀችው። ነጭ ሽንኩርቱ ምናልባት የራሱ ኃይል ይኖረው ይሆናል፤ እስካሁን ግን እሱን የጠየቀው የለም። ሁለት ዲግሪ የተሸከመው ሰውዬ የደረሰበት ነገር ቢኖር፣ አልኮል ባክቴሪያ እንደሚገድል ነበር።

ሳህኑን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት አክስቱ ዘንድ ሄደ። የሽንኩርቱ ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለው።

"መርፌውን ተውኩት" አሉት ፊታቸው በርቶ። "አንተን የሚያህል ሊቅ አሳድጌ፣ መቀመጫዬን ለነርስ አልገልጥም!"

ፋሻውን ፈታው። ሽንኩርቱ ቆዳውን አቃጥሎት፣ እብጠቱ ጉልበታቸው ደርሷል።

"አክስቴ፣ ይሄ እግር ሊቆረጥ ይችላል። አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

"ምቀኞችህ ናቸው እንዲህ ያሉህ?"

"እኔው ነኝ" አለ፣ ወለሉን እያየ። "ተሳስቻለሁ። ባክቴሪያውን የገደለው የዘፈዘፍኩበት አልኮል ነው፤ ሽንኩርቱን ለብቻው አልመረመርኩትም።"

አክስቱ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"በሬዲዮ ግን ድምፅህ እንዲህ አላነሰም ነበር።"

አዝሎ ታክሲ ውስጥ አስገባቸው፤ መርፌውም በዚያው ቀን እንደገና ተጀመረላቸው። በማግስቱ ሁለቱን ሳህኖች ይዞ ወደዚያው ሬዲዮ ጣቢያ ተመለሰና፣ መሳሳቱን ለአድማጮቹ ተናገረ።