የዛፍ ሐኪሙ ጆሮ

ባሌ ሰው አይሰማም፤ ዛፍ ግን ይሰማል። ይህን የምለው በምሬት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ በምሬት ነው። ሥራው ዛፍ ማከም ነው። የደረቀ ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ የተሰነጠቀውን በብረት ገመድ ያስራል፣ ጣሪያ ላይ ያጋደለውን ከጫፉ ጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ ያወርዳል። ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል። እኔ ከታች ሆኜ የታሰረበትን ገመድ እይዛለሁ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ነፍሱ በእጄ ላይ ናት።

ሌሎቹ ዛፍ ቆራጮች መጋዛቸውን አንጠልጥለው ዘለው ይወጣሉ። የኔው ግን መጀመሪያ ግንዱን እየዞረ በእንጨት መዶሻ ያንኳኳል። ጤነኛ ግንድ አጭርና ጠጣር ድምፅ አለው። ውስጡ የበሰበሰ እንደ ከበሮ ዱም ይላል፤ ዱም ካለ የፈለጉትን ቢሰጡት አይወጣበትም። አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፣ በዚህ ከተማ የሱን ያህል ዛፍ የሚያውቅ የለም። እላይ ሆኖ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲሻገር ያየው ሰው፣ የቤታችን ደፍ በየቀኑ የሚያደናቅፈው ያው ሰውዬ መሆኑን አያምንም።

ጉድ ግን አናጣም። አንዴ የንብ መንጋ ላይ መጋዝ አስነሥቶ፣ እሱ በገመድ እኔ በእግሬ እየሮጥን አመለጥን። አምና ደግሞ ስልኩን ቅርንጫፍ መሃል ረስቶ ወረደ። ብደውልለት ዛፉ ጮኸ። የግቢው ሰው ሁሉ ሽቅብ አንጋጦ ሲስቅ፣ እሱ እዚያው ሥር ቆሞ ኪሱን ይዳብሳል። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ያኔ መሳቅ አልነበረብኝም።

እቤትም ያው ነው። «ውሃው ፈላ» እላለሁ፣ ዝም። «በር ተንኳኳ» እላለሁ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ፀጉሬን አሳጥሬ ብመጣ እንኳ ቀና ብሎ አያየኝም። ባል ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ጠራን። ግቢው ውስጥ ሁለት ትልልቅ ዛፎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንደኛው መማሪያ ክፍሉ ላይ አጋድሏል። ዳይሬክተሯ ቁልፍ ይዘው ብቻቸውን ይጠብቁናል። ሳል ይዞኝ ሲያዩ፣ «በሰጋቱራው ይብስብዎታል» ብለው ከቦርሳቸው ማስክ አውጥተው ሰጡኝ። ሥራ ላይ ፊቴን ስሸፍን የመጀመሪያዬ ነበር።

ባሌ ያጋደለውን ዛፍ አንኳኳ። ዱም። ዞሮ ደገመ። ዱም። እንደ ልማዱ ዘወር ብሎ አየኝ። ከዚያ መታጠቂያውን ጠበቅ አደረገና መውጣት ጀመረ።

ቆሌዬ ተገፈፈ። «አንተ! ባዶ ነው እኮ! ውረድ!» ብዬ ጮህኩ። መጋዙ አልተነሣም፣ ንፋስ የለም። እሱ ግን መውጣቱን ቀጠለ። ከወገቡ የሚወርደውን ገመድ መልቀቅ አቆምኩና ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ገመዱ ሲወጠርበት ቆመና ቁልቁል ገላመጠኝ። በእጄ ውረድ አልኩት። ደሙ ፈልቶ ወረደ።

ዳይሬክተሯ «ምነው፣ ችግር አለ?» ብለው ጠጋ አሉ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ገመዱ ተበልቷል፤ ሌላ ከመኪና እናምጣ» አልኳቸው።

መኪናው ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋሁና ማስኩን አወለቅሁ። «አይሰማህም አይደል?» አልኩት።

ከንፈሬን አየ። «ከአምና ጀምሮ ነው» አለ። «ግራው ጨርሶ ሄዷል። ቀኙ ራሱ ሲጮህብኝ ይውላል እንጂ የውጭውን አያስገባም።»

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አልሰማ ያለኝ ሰው እውነት ሲደነቁር በምን አውቃለሁ? ያ ስልክ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ ንዴቱ መጣ።

«ታዲያ ምን ብለህ ነው የምታንኳኳው? ዓመት ሙሉ ስንት ዛፍ ወጣህ? ብትሞትስ? ልጆችህን ምን ልላቸው ነበር?»

«አንቺን እያየሁ ነዋ።»

«ምን?»

«ባዶ ሲሆን አፍንጫሽ ይሸበሸባል። የተበላሸ ወተት እንዳሸተተ ሰው። ድሮም እንዲሁ ነሽ፤ አንቺ አታውቂውም እንጂ። አንኳኳለሁ፣ ከዚያ አይሻለሁ። አንድም ቀን ተሳስተሽ አታውቂም። ዛሬ በማስክ ተሸፍነሽ ዓይንሽ ብቻ ቀረ፤ ምንም ያላልሽ መሰለኝ።»

ጭኔ ላይ የተቀመጠውን ማስክ አየሁት። አያየኝም እያልኩ ለስንት ሰው አምቼዋለሁ! እንባዬ መጣ፤ ንዴትም ነበረበት፣ ፍቅርም ነበረበት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መጋዙን ትደብቂብኛለሻ!»

እውነቱን ነው፣ እደብቀው ነበር። አሁንም ቁልፉ በእጄ ነው፤ መኪናውን አስነሥቼ ወደ ቤት መሄድ እችላለሁ። ግን ሰኞ ልጆች እዚያ ክፍል ይገባሉ። ሌላ ቆራጭ ቢጠራ ደግሞ ሳያንኳኳ ይወጣበታል። መዶሻውን ከእጁ ወሰድኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ የማንኳኳው እኔ ነኝ። አይሆንም ካልኩ አይሆንም። ሰኞ ደግሞ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»

«እሺ» አለ። ሳይከራከረኝ እሺ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው መሰለኝ።

ከጎን ያለውን ዛፍ ዞሬ አንኳኳሁት። ጠጣር ነው። ባሌ አፍንጫዬ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆየና ወጣ። ከዚያ ጤነኛ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የበሽተኛውን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ እያሰረ፣ እየቆረጠ፣ በገመድ ወደ እኔ አወረዳቸው። ዳይሬክተሯ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። አንዲት ቆርቆሮ አልተነካችም። የቀረው ግንድ ተቆርጦ ሲወድቅ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ውስጡ ከተትኩት፤ ከበሰበሰ ዱቄት በቀር ምንም የለም። እዚያው ግንዱ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ማስክዎን ረሱት እኮ፣ ያ ሳል...» ብለው ዳይሬክተሯ ሌላ ዘረጉልኝ።

«ይቅርብኝ እትዬ። ባሌ ፊቴን ካላየ ሥራ አይሆንለትም» አልኳቸው።

ቀልድ መስሏቸው ከት ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እሱ ወዲያ ማዶ ገመዱን ይጠቀልላል፤ ያልነውን አልሰማም። ቀና ሲል ግን ስስቅ አየኝና እሱም ሳቀ።